ያሬድ ያልተሰማው ጦር

ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን ወጊውም ተወጊውም ልብ አላሉም። ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲወርድ የመጣውን ይህን ትውፊት በጣራ ገዳም ዙሪያ የማያውቅ የቆሎ ተማሪ አይገኝም።

ገዳሙ ባለበት፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ በወይራና በብሳናው ደን ውስጥ መቁጠሪያ ይዞ እግዚኦታ 41 ጊዜ የሚያደርስ መነኩሴ ትንፋሹ ከቃሉ ጋር ይስማማል፤ ብርዱም የእግሩም ድካም ይርቁታል። ይህ ጸሎት ነው፤ ሂፕኖሲስ ማለት አይገባም። የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልቦና አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ስሜትም ይለወጣል።

በሂፕኖሲስ ጊዜ ባለሙያው ረጋ ባለ ድምፅ ሰውየው ጡንቻውን እንዲያላላ፣ ዓይኑን ወይም ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ እንዲያሳርፍ ይመራዋል። ሰውየው አይተኛም፤ ይሰማል፣ ይመልሳል። ስያሜውን በ1840ዎቹ ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድም መጀመሪያ የእንቅልፍ ዓይነት መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን ዋናው ጉዳይ በአንድ ሐሳብ መያዝ መሆኑን ተረዳ።

ሕመሙ ታዲያ የት ይሄዳል? በ1997 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ፈቃደኞችን በሂፕኖሲስ ውስጥ ሳሉ እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ አስነክረው አንጎላቸውን በምስል አዩ። «አያስጨንቅህም» የተባለው ሰው ሙቀቱን እንደዚያው ይለካዋል፤ የሚከፋበት መጠን ግን ይቀንሳል። የሕመምን ቦታና ብርታት የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል እንደነበረ ሲቀጥል፣ ከመከፋቱ ጋር የተያያዘው ክፍል ግን አብሮ ዝቅ አለ። እኔን እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ እንደ አንድ የምንቆጥረው ሕመም ለካ ተለያይቶ ሊነካ ይችላል! ሌላ ጥናት ደግሞ ምክሩ ስለ ሕመሙ ብርታት ሲሆን ያ መዝጋቢ ክፍል ራሱ እንደሚለወጥ አሳየ። የሚነገረው ቃል የሚደርስበትን ቦታ ይመርጣል ማለት ነው።

ዓይንም አይቀርም። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ለሂፕኖሲስ በጣም ቅርብ የሆኑ ሰዎች ግራጫ ሥዕል ባለቀለም ሆኖ እንዲያዩ ሲነገራቸው ቀለም የሚለየው የአንጎላቸው ክፍል ሠራ።

ሁሉም ሰው ግን እኩል አይሆንም፤ አብዛኛው መካከለኛ ነው፣ ጥቂቱ እጅግ ይመሰጣል፣ ጥቂቱን ጭራሽ አይነካውም። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ቁርጠት የያዘው ሰው ደግሞ ሕመሙን በሂፕኖሲስ ከማስታገሱ በፊት በሐኪም ይታይ፤ የትርፍ አንጀት ሕመም ዝም ቢያሰኙትም ሥራውን አያቆምም።