ከሰው ነጋዴ እጅ የተረፉትን ስንረዳ ማንን ጠይቀን ነው?

በዚህ ዕትም የመረጥነው ርእስ «ከመምህርነት ሙያ ጋር ምን አገናኘው?» ሊያሰኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ፣ ከዓረብ አገር ወይም ከደቡብ አፍሪካ መንገድ ተመልሶ ያቋረጠውን ትምህርት ሊቀጥል የሚመጣ ወጣት መዝገብ ይዘን የምንቀበለው እኛው ነን። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ሁሉም የሰው ንግድ ሰለባ ነበሩ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከመካከላቸው ያ የደረሰባቸው የትኞቹ እንደሆኑ ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራው። በሰው መነገድ ማለት ሰውን በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው። የሚነገድበት ሕፃን ከሆነ ማታለሉም ማስገደዱም መረጋገጥ አያስፈልገውም። ድንበር ማሻገር ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው፤ ምንም እንኳ በየመንገዱ አንዱ ወደ ሌላው ቢለወጥም። በአገራችን ሁለቱንም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው።

ከዚህ ወንጀል ለተረፉ ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎት የታወቀ ነው፦ መጠለያ፣ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ከቤተሰብ ማገናኘት። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አልጎደለውም። ጥያቄው እያንዳንዱ በምን መልክ ይሰጥ የሚለው ነው። ይህንን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት የተማሩና ቅን የሆኑ፣ ግን አንድም ቀን በር ተቆልፎባቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

እስቲ ይህንኑ በር እንውሰድ። የመጠለያው በር የሚቆለፍበት ምክንያት አለው፤ ደላላው ወይም የደላላው ዘመድ ሊመጣ ይችላል። ሆኖም ሁለት ዓመት በሰው ቤት ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ለቆየ ልጅ ቁልፍ ያው ቁልፍ ነው። በዚያ ላይ ስልኳና መታወቂያዋ «እኛ ዘንድ ይቀመጥልሽ» ተብሎ ሲወሰድ፣ «ለአንቺው ደኅንነት ነው» የሚለውን ቃል አሠሪዋም ብላት እንደነበር ማን ያስታውሳል? ያለፈበት ሰው ቢጠየቅ ግን ወዲያው ይነግረናል፦ በሩ ይጠበቅ፤ ለልጅቱ ግን ቁልፉ በእጇ የሚሆን ትንሽ ሣጥን ይሰጣት፣ መቼ መውጣት እንደምትችልም በመጀመሪያው ቀን ይነገራት። ይህ ማስተካከያ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ጓጉንቸር ዋጋ አይበልጥም።

ሌላው ታሪክን ደጋግሞ ማስነገር ነው። ለፖሊስ ትናገራለች፣ ለነርሷ ትናገራለች፣ ለአማካሪዋ ትናገራለች፣ ለዐቃቤ ሕግ ትናገራለች፤ ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ ካለ ደሞ ለእሱም እንደገና ከሀ ጀምሮ። ቀኑን ካዛባች ዋሸች ይባላል። በመሠረቱ ከባድ ፍርሃት ያለፈበት አእምሮ ነገሩን እንደ መዝገብ ቤት በቅደም ተከተል አያስቀምጥም፤ ይህን የሥነ ልቡና ትምህርት የወሰድን ሁሉ ልናውቀው ይገባል።

ሥልጠናውም እንዲሁ ነው። ለሴት ሁሉ ልብስ ስፌት ወይም ጸጉር ሥራ! ዓረብኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ስታስታምም የኖረች ሴት በምን ሙያ መሰማራት እንደምትፈልግ የሚጠይቃት የለም። እሷ ብትጠየቅ ምናልባት ከሥልጠናው በፊት የምታነሣው ጉዳይ ዕዳው ነው። አባቷ በሬውን ሸጦ ወይም ከጎረቤት ተበድሮ ለደላላ ከፍሏል። ዕዳው እያለ «ከቤተሰብ ተገናኘች» ተብሎ መዝገቡ ቢዘጋ፣ የተገናኘችው ከአበዳሪ ጋር ነው። ተመልሳ መንገድ ብትገባ ታዲያ ምን ይገርማል?

የተረፉት ራሳቸው ሲጠየቁ፣ እንዲያውም ራሳቸው ሲያደራጁት፣ ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኔፓል እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1996 በሕንድ ቦምቤይ ከተማ ፖሊስ በሴተኛ አዳሪ ቤቶች ላይ ባደረገው አሰሳ ብዙ ልጃገረዶች ነፃ ወጡ፤ ከመካከላቸው ተሸጠው የተወሰዱ ከመቶ የማያንሱ የኔፓል ልጆች ነበሩ። የአገራቸው መንግሥት ሊቀበላቸው አመነታ። በሽታ ይዘው ይመጣሉ የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ነበር። በመጨረሻ የተቀበሏቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። በዚያው ዓመት ከተመላሾቹ 15ቱ «ሻክቲ ሳሙሃ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ የኃይል ማኅበር እንደ ማለት ነው። ከሰው ንግድ በተረፉ ሰዎች የተቋቋመ በዓለም የመጀመሪያው ማኅበር እንደሆነ ይነገርለታል።

ማኅበሩ በሕግ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አራት ዓመት ለምን ፈጀ? መሥራቾቹ የዜግነት ወረቀት አልነበራቸውም፤ ወረቀቱ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚገኘው በአባት ወይም በባል በኩል ነበር። ቤተሰብ ለናቃት ልጅ ይህ ዝግ በር ነው። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ የተረፉት ልጆች ችግራቸውን ሲናገሩ ምክርና መጠለያ ብቻ ሳይሆን የዜግነት ወረቀትንም አንድ ብለው መቁጠራቸው ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ቻሪማያ ታማንግ የሸጧትን ሰዎች በራሷ ስም ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ስምንት ሰዎች ተፈረደባቸው። ማኅበሩ በኋላ የራሱን መጠለያ ከፈተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013ም የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት አገኘ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። የእኛ ኅብረተሰብ ይህን ተረት የሚጠቅሰው ለቂም ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የተወጋው ሰው ጦሩ በየት በኩል እንደገባ ማወቁ ይበልጥ ይጠቅመናል። እውቀቱ እውቀት ከሆነ ደግሞ ዋጋ ይከፈልበታል። ባለሙያው ለስብሰባ አበል ሲቀበል፣ ስለ ደረሰባት ነገር ልታስረዳ የመጣችው ሴት በሻይና በምስጋና የምትሸኝበት አሠራር ለእኛ አይዋጥልንም። በተጨማሪም አስተያየቷ ምን ለወጠ የሚለው ተመልሶ ሊነገራት ይገባል።

ይህ ሲባል ግን የተረፈ ሁሉ መናገር አለበት ማለት አይደለም። ዝም ብሎ መኖርም መብት ነው። በቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የተበደለች ሴት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ በየጫካው ስለተደበደበ ወንድ መናገር አትችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ጠርቶ «ሁሉንም ጠይቀናል» ማለት አይቻልም። እንዲሁም መከራን ማየት ብቻውን አማካሪ አያደርግም። አማካሪ ልሁን የምትል ሥልጠና ያስፈልጋታል፤ የሌላውን ስትሰማ የራሷ ቁስል ሲያመረቅዝ የምታማክረው ሰውም ያስፈልጋታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሕግ፣ አባላቱ በሙሉ ከዚህ ወንጀል የተረፉ ሰዎች የሆኑ ምክር ቤት ተቋቁሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሐሳብ ሲያቀርብ ቆይቷል። ለወረዳ ምክር ቤት ባይሆን ለአንድ መጠለያ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ሦስት አራት ሰው ያሉበት ኮሚቴ ማቋቋም የሚከብድ አይመስለንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በየትምህርት ቤቱ ክበባት የሚታየውን ድራማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ጥቁር መነጽር ያደረገ ደላላ፣ ቂል የሆነች ልጅ፣ በመጨረሻ ለቅሶ። ብዙ ተመላሾች የሚናገሩት ግን መልማዩ የሚያውቁት ሰው፣ ጎረቤት አንዳንዴም አክስት መሆኑን ነው። መነጽር የለውም፤ በዓል ሲሆን ጠላ አብሮ የሚጠጣ ሰው ነው። ድራማውን የሚጽፈው ተማሪ ጽሑፉን ከልምምድ በፊት ፈቃደኛ ለሆነች ተመላሽ፣ ስሟ ሳይጠራ፣ አሳይቶ ቢያርም ተመልካቹ ሊጠነቀቅ የሚገባውን ሰው ያውቃል። ተመላሿን ራሷን በሰልፍ ላይ አውጥቶ «ንገሪያቸው» ማለትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

ምዝገባውም ላይ እንዲሁ። የ17 ዓመት ልጅ አምስተኛ ክፍል ልትገባ ስትመጣ «ለምን አቋረጥሽ?» የሚለውን ጥያቄ በሰው ፊት መጠየቅ አያስፈልግም። ደረጃዋን የሚወስነው የቀድሞ ካርዷና አጭር የመመደቢያ ፈተና እንጂ የጂዳ ታሪኳ አይደለም። ይልቅ የሚጠየቀው የሥራ ሰዓቷ ከማታው ፈረቃ ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ ማታ ወደ ቤት የምትመለስበት መንገድ የሚያስፈራት እንደሆነ፣ ቤተሰቧ ዘንድ መልእክት ከመላኩ በፊት ፈቃዷ እንደሆነ ነው።