አሠሪዋስ ሰምታለች?

በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሪያድ በሚባለው የባለ ሀብቶች ሰፈር፣ የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ በየግቢው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ በመተማ ተሻግረው የገቡ፣ ዓረብኛውን እዚያው ኩሽና ውስጥ የለመዱ ሴቶች ነበሩ። ጠዋት የአንዷ አሠሪ ትእዛዙን በአንድ ትንፋሽ ትደረድር ነበር፦ ልብሱ ይተኮስ፣ ሥጋው ከፍሪዘር ይውጣ፣ ሳሎኑ ይወልወል፣ እንግዶች ከመግሪብ በኋላ ይመጣሉ። ከዚያ «ፋህማ?» (ገባሽ?) ስትላት ልጅቱ «ሃድር» (እሺ) ትል ነበር። ማታ ሥጋው እንደ ድንጋይ ደርቆ ሲገኝ «ይቺ ልጅ አትሰማም» ይባል ነበር።

ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማዳመጥን የታዛዥ ብቻ ዕዳ ያደርገዋል። ራልፍ ኒኮልስና ሊዮናርድ ስቲቨንስ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1957 እንደጻፉት፣ ሰው በጥሞና ያዳመጠ ቢመስለውም ንግግሩ እንዳበቃ የሚያስታውሰው ግማሹን ያህል ነው። ይህ እንግዲህ በገዛ ቋንቋው ሲሰማ ነው። እንጀራዋ በአሠሪዋ እጅ ያለ ሴት ደግሞ «ይድገሙልኝ» ብትል ሰነፍ እንዳትባል ትፈራለች። ስለዚህ «ሃድር» መታዘዟን ያሳያል እንጂ መረዳቷን አያረጋግጥም።

ዓይንም ያሳስታል። «የሚያዳምጥ ሰው ዓይን ለዓይን ያያል» የሚለው ምክር ታላቅን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብላ ላደገች የጎንደር ልጅ አይሠራም፤ አንገቷን የደፋችው ጆሮዋን ሰጥታ ሊሆን ይችላል። አየር ወደ ውስጥ ስባ «እህ» ስትልም፣ አገሯ ያለ ሰው «እየተከተልኩ ነው» ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ይህን የማያውቅ ግን የደነገጠች ሊመስለው ይችላል።

በየሥልጠናው የሚነገረው «ቃል ከመልእክቱ 7 በመቶ ብቻ ነው» የሚለው አባባልም እዚህ አይረዳም። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች ነው፤ እነሱም የመረመሩት ሰው ስሜቱን፣ መውደዱንና መጥላቱን፣ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ነበር። ሥጋው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ በድምፅ ቃናም ሆነ በፊት ገጽታ አይታወቅም፤ እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ መሰማት አለበት።

ታዲያ ማዳመጡን ማን ይጀምር? በእኔ እምነት፣ ብትሳሳት የማትባረረው አሠሪዋ ናት። «ፋህማ?» የሚለውን ትታ «ከየቱ ትጀምሪያለሽ?» ብላ ትጠይቅና መልሱ እስኪያልቅ ትጠብቅ። ልጅቱ በተሰባበረ ዓረብኛዋ «መጀመሪያ ልብሱን፣ ከዚያ ሳሎኑን» ብላ ዝም ካለች፣ ሥጋው እንዳልተሰማ ገና በጠዋቱ ይታወቃል፤ አንድ ጊዜ መድገም ይበቃል።