እግር ቢያብጥም ተስፋ አይቆረጥም

በሉማሜና አካባቢዋ በእግር እብጠት («ዝሆኔ») የተነሳ አፍረው ከገበያና ከዕድር የሚርቁ ታካሚዎች ያጋጥሙኛል። በደጋው የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ ግን እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የእግር ንጽሕና ድንገት የሚነሳውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ የመፍትሔው ትልቁ ድርሻ በእጅዎ ነው።

እግርዎን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የጣቶችዎን መካከል ያድርቁ፤ ቅባት ይቀቡ፤ ካልሲና ጫማ ያድርጉ። ታጥበው የወጡባትን እያንዳንዷን ቀን እንደ ድል ይቁጠሯት። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጡ ግን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጎረቤቶችም ቡና ስትጠሩ እነሱን አትዝለሏቸው።