ያለ ስኳር የሚቆይ ፍሬ

ፍሬ ያለ ስኳር ቢቀመጥ መበላሸቱ አይቀርም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰዶአል። ነገር ግን ይህን አሳብ የሚያፈርሰው ምስክር ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ዘቢብ፥ ከበረሃ አገር የሚመጣውም ተምር አንዲት ማንኪያ ስኳር ሳይጨመርባቸው ብዙ ወራት ይቆያሉ። እናቶቻችን ሥጋውን ቋንጣ፥ እንጀራውን ድርቆሽ የሚያደርጉት በዚሁ ጥበብ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፍሬን የሚያበላሹት ሻጋታ፥ እርሾና ባክቴሪያ ናቸው፤ እነዚህም ረቂቃን ሕያዋን ያለ ውሃ ሊባዙ አይችሉም። ማርማላታ ሳይበላሽ የሚቆየው የተጨመረበት ብዙ ስኳር ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀርባቸው ነው። እንግዲያውስ ውሃውን በፀሐይ ወይም በእሳት ያስወገደ ሰው ስኳር መግዛት አያስፈልገውም።

ለምሳሌ ማንጎን እንውሰድ። በአርባ ምንጭ፥ በአሶሳና በምሥራቅ ሐረርጌ ቈላ ወራቱ ሲደርስ ፍሬው ገበያውን ይሞላዋል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ከዛፍ ሥር ሲበሰብስ ይታያል። በእነዚህ አገሮች ተመድቦ የሚሠራ ወጣት ሹም ወይም የሚማር ተማሪ በርካሽ ቀን የገዛውን በውድ ቀን ለመብላት የሚያስፈልገው ቢላዋ፥ ሎሚ፥ ወንፊትና ትዕግሥት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የበሰለ ነገር ግን ያልላመ ማንጎ ይመረጣል። ታጥቦ ከተላጠ በኋላ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ይቆራረጣል፤ መልኩ እንዳይጠቍርም የሎሚ ጭማቂና ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅለው 10 ደቂቃ ይነከርበታል። ከዚያም ሳይደራረብ በንጹሕ ወንፊት ላይ ይሰጣል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ይሸፈናል። ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ወንፊቱን ከመሬት ከፍ ማድረግ፥ ጤዛ እንዳይነካውም ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ይገባል። ፀሐዩ ብርቱ፥ አየሩም ደረቅ ከሆነ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። በክረምት ግን ሳይደርቅ ይሻግታልና፥ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሙቀት፥ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ማድረቅ ይሻላል።

መድረቁ የሚታወቀው ሲታጠፍ ሳይጣበቅ፥ ቈርጠው ሲጨምቁትም እርጥበት ሳያወጣ ሲቀር ነው። ከማንጎ ሥጋ ከመቶው 83 ያህሉ ውሃ ስለሆነ፥ 5 ኪሎ የተላጠ ሥጋ ደርቆ 1 ኪሎ ያህል ይወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውም ሥራ ቸል የሚባል አይደለም። የደረቀው ፍሬ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን እስኪሞላ ይደረግና ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ይነቀነቃል። ብርጭቆው ላይ ላበት ከታየ ፍሬው እንደ ገና ይሰጣል። የነፍሳት ዕንቍላል እንዳይፈለፈልበትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ 48 ሰዓት ማቆየት ወይም በምድጃ ውስጥ በ70 ዲግሪ 30 ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ በደንብ ተከድኖ በጨለማ ስፍራ ሲቀመጥ፥ ሙቀቱ 27 ዲግሪ በሆነ ቤት ስድስት ወር፥ በቀዝቃዛ ቤትም አንድ ዓመት ያህል ይቆያል።

አንዳንድ ሰው ማንጎውን አፍልቶ በጠርሙስ ማሸግ ይቀላል ይል ይሆናል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ1810 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው ዘዴ ይኸው አሽጎ ማፍላት ሲሆን፥ ምግቡን የሚያቆየው ስኳር ሳይሆን ሙቀት ነው። ዳሩ ግን ፍሬን በዚህ ዘዴ በቤት ለማሸግ በቂ ሙቀትና በቂ ኮምጣጣነት ያስፈልጋሉ። የበሰለ ማንጎ ኮምጣጣነቱ የሚያስተማምን አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታም ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ጠርሙስ ውስጥ የቦቱሊዝም መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ መርዙም የምግቡን ሽታና መልክ ሳይለውጥ ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የተፈተነ መመሪያ በእጁ የሌለ ሰው ማሸጉን ትቶ ያድርቅ።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ስኳር አልተጨመረበትም ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም። የ5 ኪሎው ጣፋጭነት ሁሉ በ1 ኪሎው ውስጥ ተሰብስቦአል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መጠኑን በሐኪም ምክር ይወስን፤ ጤነኛውም ቢሆን ቍራሹ ትንሽ ናት ብሎ እፍኝ በእፍኝ አይብላ። በልክ ለሚበላ ግን ከዛፍ ሥር ሊበሰብስ የነበረው ፍሬ ከወራት በኋላ የቍርስ ምግብ ይሆነዋል።