ደንበኛን የሚመልስ የምግብ ቤት መተግበሪያ፦ ከቅናሽ ባሻገር ያሉ የንድፍ ጥያቄዎች

መግቢያ

በአማርኛ «ገዢ» እና «ደንበኛ» አንድ አይደሉም። ገዢ አንድ ጊዜ ዋጋ ከፍሎ ሊሄድ ይችላል፤ ደንበኛ ግን እየተመላለሰ የሚገዛ ነው። ቃሉ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ ሻጭ ገዢውን «ደንበኛዬ» እንደሚል ሁሉ ገዢም ዘወትር የሚገዛበትን ሻጭ «ደንበኛዬ» ይለዋል። በምግብ ቤት ይህን ትስስር ጠብቆ የሚያቆየው በአብዛኛው የአስተናጋጁ ትውስታ ነው። ማን ሚጥሚጣ እንደሚያስጨምር፣ ማን ረቡዕ የጾም እንደሚበላ፣ ማን ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ የሚያውቀው እርሱ ነው። አስተናጋጁ ሥራ ሲለቅ ትውስታውም አብሮት ይሄዳል።

የሞባይል መተግበሪያ ይህን ትውስታ ለተቋሙ ያቆይለታል ተብሎ ይታሰባል። በተግባር ግን ንድፉ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በቅናሽና በተደጋጋሚ ማሳወቂያ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ያለን መካከለኛ ምግብ ቤት በማሰብ፣ ሽልማት እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ፣ ከዚያ ባሻገር ደግሞ ደንበኛን የሚመልሱት የንድፍ ውሳኔዎች የትኞቹ እንደሆኑ ያብራራል።

የሽልማት ጉልበትና ወሰን

የሽልማት ካርድ ለምን እንደሚሠራ ከሥነ ልቦና ጥናት ማስረዳት ይቻላል። ክላርክ ሀል በ1932 እ.ኤ.አ. ባቀረበው መላምት መሠረት ወደ ግብ በተቀረበ መጠን ጥረት ይጨምራል። ራን ኪቬትዝና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን በቡና መሸጫ ካርድ ፈትሸው፣ ደንበኞች ወደ ነፃው ስኒ በተጠጉ ቁጥር በግዢዎቻቸው መካከል ያለው ጊዜ እያጠረ መሄዱን አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ኑነስና ዣቪየር ድሬዝ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በአንድ የመኪና ማጠቢያ በታደሉ 300 ካርዶች ላይ የተመሠረተ ነበር። ግማሾቹ ካርዶች ስምንት ማኅተም የሚጠይቁ ነበሩ። የተቀሩት አሥር ይጠይቁ ነበር፤ ሁለቱ ማኅተሞች ግን አስቀድመው ተመትተው ነበር። የሚቀረው ጥረት እኩል ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያውን ዓይነት ካርድ የሞሉት 19 በመቶ፣ ሁለተኛውን የሞሉት 34 በመቶ ሆኑ። ለንድፍ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ደንበኛው በተመዘገበበት ቅጽበት ጉዞውን እንደጀመረ በዓይኑ ማየት አለበት።

ሆኖም የኪቬትዝ ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ደንበኛው ሽልማቱን ከተቀበለ በኋላ የግዢው ፍጥነት ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በተጨማሪ ሽልማት ዋጋ አለው። ለአብነት ያህል በ300 ብር የሚሸጥን ምግብ እንውሰድ። አሥር ጊዜ ለበላ ደንበኛ አሥራ አንደኛው ነፃ ቢሆንና የተጣራ ትርፉ 15 በመቶ ቢሆን፣ ከአሥሩ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ 450 ብር ነው። የነፃው ምግብ ጥሬ ዕቃ 120 ብር ቢያወጣ ከትርፉ ከሩብ በላይ ይወስዳል። ደንበኛው ያለ ሽልማትም ይመጣ የነበረ ከሆነ ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው።

የሚሸለመው ምን እንደሆነም መለየት ይገባል። ስታርባክስ በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሽልማት ሥርዓቱን ከመምጣት ብዛት ወደ ወጪ መጠን የለወጠው፣ በቀድሞው አሠራር አንዳንድ ደንበኞች ኮከብ ለማብዛት አንድን ትዕዛዝ ከፋፍለው ይከፍሉ ስለነበር ጭምር ነው። የሽልማት ሥርዓት የሚያበረታታው የለካውን ነው።

የደንበኛው ቀን መቁጠሪያ

ቢ. ጄ. ፎግ በ2009 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሞዴል መሠረት አንድ ድርጊት እንዲፈጸም ፍላጎት፣ አቅምና ቀስቃሽ በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ማሳወቂያ ቀስቃሽ ነው፤ ፍላጎት በሌለበት ሰዓት ሲደርስ ግን ሰውን ከማሰልቸት አያልፍም። ዓርብ ረፋድ ላይ ለሚጾም ሰው የክትፎ ማስታወቂያ መላክ ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ነው።

መፍትሔው «ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ምግብ ደብቅ» የሚል አንድ መስመር ትዕዛዝ ይመስላል፤ ግን አይበቃም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምም ከፋሲካ ጋር በየዓመቱ ቀኑን ይለውጣል። ረመዳን በበኩሉ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ የምሳውን ገበያ ወደ አፍጥር ያሸጋግረዋል። ስለዚህ መተግበሪያው እነዚህን የሚያሰላ ቀን መቁጠሪያ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ሥርዓቱ ከትዕዛዝ ታሪክ ተነሥቶ የሰውን ሃይማኖት መገመት የለበትም። ሃይማኖት ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ የግል መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የተሻለው መንገድ ደንበኛውን «በየትኞቹ ቀናት የጾም ምግብ ዝርዝር ይቅደምልዎ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በፈለገ ጊዜ እንዲለውጥ ወይም እንዲሰርዝ መፍቀድ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ትዕዛዝዎ 12፡30 ይደርሳል» የሚል መልእክት ለአንዱ የምሳ ሰዓት፣ ለሌላው አመሻሽ ነው። «ከቀኑ 6፡30» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያስቀረው አለመግባባት ግን ብዙ ነው።

ቃል የሚጠብቅ ኩሽና

ደንበኛ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ መተግበሪያው ስላላማረው ሳይሆን የተገባለት ቃል ስለታጠፈ ነው። ስታርባክስ በሞባይል ቀድሞ የማዘዝ አገልግሎቱን በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ አሜሪካ ካዳረሰ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ በትዕዛዝ መረከቢያው የተፈጠረው መጨናነቅ አንዳንድ ደንበኞችን ሳይገዙ እንዲመለሱ እንዳደረገ አስታውቋል። ትዕዛዝ መቀበል ሲቀል ማብሰል አብሮ አይቀልም። ስለሆነም የመድረሻ ሰዓት በቋሚነት «20 ደቂቃ» ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ በወቅቱ በኩሽናው ካለው የትዕዛዝ ብዛት ሊሰላ ይገባል። ኩሽናው በአሥር ደቂቃ ከሚችለው በላይ ትዕዛዝ ሲመጣም መተግበሪያው ቀጣዩን ክፍት ሰዓት ማቅረብ አለበት።

ሁለተኛው የእምነት ፈተና ክፍያ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ክፍያን አቅልለዋል፤ ነገር ግን ኔትወርክ መካከል ላይ ሲቋረጥ ገንዘቡ ተቀንሶ ትዕዛዙ ሊጠፋ፣ ወይም ደንበኛው ደግሞ ሲነካ ሁለት ትዕዛዝ ሊመዘገብ ይችላል። ለዚህ የታወቀው መፍትሔ መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ በስልኩ ላይ ልዩ መለያ ቁጥር እንዲፈጥር ማድረግ ነው። ጥያቄው ሦስት ጊዜ ቢላክም ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ አንዱን ብቻ ይመዘግባል፤ የክፍያው ማረጋገጫም ከዚያው ቁጥር ጋር ይታሰራል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ገጹ «ክፍያዎ እየተረጋገጠ ነው፤ ደግመው አይክፈሉ» ማለት አለበት።

መመለስን መለካት

መተግበሪያውን ያወረዱ ሰዎች ብዛት መመለስን አያሳይም። የሚሻለው በአንድ ወር የተመዘገቡትን እንደ አንድ ቡድን ይዞ መከታተል ነው፤ በመስከረም ከተመዘገቡ 200 ሰዎች በጥቅምት 60ዎቹ ካዘዙ የመመለስ ምጣኔው 30 በመቶ ነው። ይህም ቢሆን ያሳስታል። መተግበሪያ ለመጫን የሚፈቅዱት ቀድሞውንም የሚመላለሱት ደንበኞች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ተጠቃሚዎችን ከማይጠቀሙት ጋር ማነጻጸር የመተግበሪያውን ውጤት አጋንኖ ያሳያል። የጾምና የበዓል ወቅትም ሽያጩን በራሱ ይለውጣል። ስለዚህ ከተጠቃሚዎቹ መካከል በዕጣ የተመረጡትን ቅናሽ ሳይልኩ ማቆየትና ሁለቱን ቡድኖች በተመሳሳይ ሳምንታት ማወዳደር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ቅናሹ የሚደርሰው ያለ እርሱም ለሚመጡ ሰዎች ነው።

ማጠቃለያ

ሽልማት ደንበኛን ሊያስጀምር ይችላል፤ የሚያቆየው ግን ቀኑን የሚያውቅ፣ ሰዓቱን የሚያከብርና ገንዘቡን የማያጠፋ አገልግሎት ነው። አነስተኛ በጀት ያለው ምግብ ቤት መጀመሪያ ሊያወጣ የሚገባው ለክፍያ አስተማማኝነትና ለኩሽናው ሰዓት ስሌት ነው፤ የነጥብ ሥርዓቱ ከዚያ ይከተላል። አስተናጋጁም ከሥርዓቱ መውጣት የለበትም። ደንበኛው የፈቀደው ምርጫ በትዕዛዝ መቀበያው ላይ ከታየው፣ ትናንት ሥራ የጀመረ አስተናጋጅ እንኳ ቡናውን ያለ ስኳር ያቀርባል።