ቦታውን የሳተ ካልሲየም

(ድምፅ፦ የታክሲ ረዳት፣ «ስድስት ኪሎ! ሽሮሜዳ!»)

ተራኪ፦ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ሲወጡ አምስት ኪሎ ላይ የድንቅነሽ አጥንት መኖሪያ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። አጥንትን አጥንት የሚያደርጉት ካልሲየምና ፎስፌት ናቸው። ትንሽ ከፍ ሲሉ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ይገኛል። ሐኪሞች እነዚሁን ማዕድናት አልፎ አልፎ በማይገባቸው ቦታ ያዩዋቸዋል፤ በልጅ አንጎል ውስጥ።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አንገታችን ውስጥ፣ ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በሰው ላይ ለይቶ የገለጻቸው ስዊድናዊው የሕክምና ተማሪ ኢቫር ሳንድስትሮም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880። ያኔ ብዙም ሰሚ አላገኘም።

ዕጢዎቹ ሲደክሙ ሆርሞናቸው ይጎድላል፤ በደም ውስጥ ካልሲየም ይወርዳል፤ በኩላሊት መወገድ የነበረበት ፎስፌት ይከማቻል። የልጁ ከንፈር ይነዝረዋል፣ ጣቶቹ ተጣብቀው ይደርቃሉ፤ ከዚያም ያንቀጠቅጠዋል። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱ ማዕድናት ተጣምረው እንቅስቃሴን በሚገራው የአንጎል ጥልቅ ክፍል ይጋገራሉ። በሲቲ ስካን ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ግራና ቀኙም ተመሳሳይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ወይም የትል እጭ አንጎል ውስጥ የሚተወው ጠባሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይመጣጠንም።

ሲቲ ስካን እስኪነሣ ድረስ ግን ልጁ ስንት በር ያንኳኳል! «ልክፍት ነው» ተብሎ እንጦጦ ጸበል ይወሰዳል። ጤና ጣቢያ ደግሞ «የሚጥል በሽታ ነው» ይባልና ፌኖባርቢታል ይጀመርለታል። ጸበሉ ምርመራውን ካላስቀረ ጠብ የለኝም። የሚያሳስበኝ ክኒኑ ነው፤ ፌኖባርቢታል ቫይታሚን ዲ ቶሎ እንዲፈርስ ስለሚያደርግ፣ የወረደውን ካልሲየም ይባስ ሊያወርደው ይችላል። ለዓመታት የሚወሰድ ክኒን ከመታዘዙ በፊት አንድ የደም ካልሲየም ምርመራ መቅደም ነበረበት። ፎስፌቱም አብሮ ቢታይ መልካም ነው፤ ካልሲየም ሊያወርድ በሚችለው በሌላው የልጆች በሽታ፣ በሪኬትስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ በእነዚህ ዕጢዎች ድካም ግን ይወጣል።

ሕክምናው የካልሲየም ክኒንና ንቁ የሆነው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ነው፤ ተራው ቫይታሚን ዲ ሥራ ለመጀመር የዚያኑ የጎደለ ሆርሞን እገዛ ይፈልጋልና። አንጎል ውስጥ የተጋገረው እምብዛም አይጠፋም፤ መንቀጥቀጡ ግን ብዙ ጊዜ ይቆማል። መድኃኒቱ ሲበዛ ደግሞ ካልሲየሙ ወደ ኩላሊት ይዞራል። ስለዚህ ሐኪሙ በደሙ ያለውን የካልሲየም መጠን ከጤነኛው ልክ ዝቅተኛ ጫፍ አካባቢ ለማቆየት ይጥራል፤ ሽንቱንም በየጊዜው ያስመረምራል።