ርካሽ የቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየር በቤት ውስጥ ስቴሪዮ፦ ከዊንጌት ሠፈር ሲታይ

በጉለሌ ዊንጌት የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ትራንዚስተር አልነበረም፤ በቤል ላቦራቶሪ ተሠርቶ የታየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ሁሉ፣ የሳሎን ራዲዮም ሆነ የአደባባይ ድምፅ ማጉያ፣ በቫልቭ የሚሠራ ነበር። ካበሩት በኋላ እስኪሞቅ መጠበቅ ግድ ይል ነበር። ትራንዚስተር ያን ሁሉ ከሳሎን አስወጣው። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ቫልቭ በሌላ መልክ ተመልሷል፤ በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁለት ትንንሽ የመስታወት ቱቦ ከላይዋ ያቆመች ርካሽ ፕሪአምፕሊፋየር ሆኖ።

የዚህች ዕቃ ገዢ ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ የወረሳቸው ሸክላዎች ያሉት ሰው ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በአምሃ ሪከርድስ ማሳተም ከጀመረ በኋላ፣ ካይፋ ሪከርድስም ከተከተለው በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርካታ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ርእስ በሲዲ የታተሙት ከእነዚያ የተወሰኑት ናቸው፤ ከሌላው አንዳንዱ ዛሬም የሚገኘው በሸክላው ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ቫልቭ ድምፅን ያሳምራል ወይስ አያሳምርም ከሚለው ይሰፋል። ውስን ገንዘብ ያለው ቤተሰብ መልሶ የማይገኘውን ሸክላ ለማዳመጥ በመጀመሪያ ምን ይግዛ የሚለው ነው። የብር ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ በዶላር ርካሽ የሆነው ዕቃ በብር ርካሽ ሆኖ አልቀረም።

ቫልቭ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። አየር በወጣለት መስታወት ውስጥ የጋለ ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ በከፍተኛ አዎንታዊ ቮልቴጅ ላይ ያለው አኖድ ይስባቸዋል፤ በመካከል ያለው ግሪድ፣ አነስተኛ አሉታዊ ቮልቴጅ ይዞ፣ እንደ በር ጠባቂ ፍሰቱን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። በግሪዱ ላይ የሚገባው ትንሽ የድምፅ ሲግናል በአኖዱ በኩል ጎልቶ ይወጣል። በርካሾቹ መሣሪያዎች የሚገኘው በአብዛኛው 6ጄ1 የተባለው የቻይና ቫልቭ ነው። ይህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሥራ ከተሠራው 6ኤኬ5 ጋር አቻ ነው። የቫልቩ የቴክኒክ ሰነድ በአኖዱ ላይ ከ120 እስከ 180 ቮልት ያዛል። ርካሿ ሳጥን ግን በ12 ቮልት አዳፕተር የምትሠራ በመሆኗ፣ ቮልቴጁ ውስጥ ገብቶ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ቫልቩ ይሠራል፤ ነገር ግን እንደተራበ ሠራተኛ ነው። ሥሩ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ብርሃንም ሁልጊዜ የጋለ ሽቦ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ከቱቦው ሥር የተተከለ የኤልኢዲ መብራት ነው። ይህን ገዢው ቀድሞ ቢያውቅ አይጎዳም።

የቮልቴጁ ማነስ የሚታይ ውጤት አለው። የሲዲ ማጫወቻ ከፍተኛ ውጤት በተለምዶ 2 ቮልት ሲሆን፣ የሞገዱ ጫፍ 2.8 ቮልት ይደርሳል። የተራበው ቫልቭ ግሪድ የሚይዘው አሉታዊ ቮልቴጅ ከዚህ የሚያንስ ከሆነ፣ በሞገዱ ጫፍ ላይ ግሪዱ ራሱ ኤሌክትሮን መሳብ ይጀምራል፤ የሞገዱ አንድ ወገንም ይደፈጠጣል። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ከቫልቩ በፊት ከተቀመጠ ችግሩ ይቃለላል፤ ከኋላ ከሆነ ግን ምንም ቢቀንሱት አይድንም።

አድማጮች «ሙቀት» የሚሉት ነገር በአብዛኛው የዚህ መደፍጠጥ ለስላሳው መልክ ነው። አንድ ወገን ከሌላው በትንሹ ሲዛነፍ ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የዋናው ድምፅ እጥፍ ፍሪኩዌንሲ፣ ይጨመራል። ይህ በሙዚቃ አነጋገር አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ያው ድምፅ ስለሆነ ጆሮ አይቃወመውም። ይሁን እንጂ ሙዚቃ በአንድ ድምፅ ብቻ አይሠራም። ሁለት ድምፆች በአንድነት ሲገቡ ይኸው መዛባት የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ይፈጥራል፤ ድምፆቹ እኩል ከሆኑም እያንዳንዱ የድምርና የልዩነት ውጤት ከሁለተኛው ሃርሞኒክ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ስለ ኦክታቩ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ስለ ድምሩ የሚነገረው ጥቂት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ቅኝት ምን ትርጉም እንዳለው በስሌት ማየት ይቻላል። በትዝታ ሜጀር ዶና ሶል በ256 እና በ384 ኸርዝ ቢሰሙ፣ ልዩነታቸው 128 ሲሆን የታችኛው ዶ ነው፤ ድምራቸው 640 ሲሆን የላይኛው ሚ ነው። ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው የጨመረው ነገር ከዘፈኑ ጋር ይዋሐዳል፤ አድማጩም «ሞላ» ይላል። በአንቺ ሆዬ ግን ዶና ከእርሱ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ጎረቤቱ አሉ፤ 256 እና 271 ኸርዝ ገደማ። ድምራቸው 527 ሲሆን፣ በላይኛው ዶና በላይኛው ጎረቤቱ፣ ማለትም በ512 እና በ542፣ መካከል ይወድቃል፤ በቅኝቱ ውስጥ ቦታ የለውም። በአንድ ነጠላ ክራር ላይ ይህ ብዙም ላይሰማ ይችላል። ሙሉ የነፋስ መሣሪያ ክፍል፣ ኦርጋንና ባስ ጊታር በአንድነት በሚጫወቱበት የዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ግን የመዛባቱ መጠን ሲጨምር ድምፁ ይታፈናል። አንድን መሣሪያ በትዝታ ብቻ ፈትኖ «ድምፁ አማረ» ማለት ስለዚህ አያስተማምንም።

ሌላው የፈተናው ችግር የድምፅ መጠን ነው። ፕሪአምፕሊፋየሩ ሲጨመር ድምፁ ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ይጎላል፤ ጎላ ያለውን ደግሞ ጆሮ የተሻለ ነው ብሎ ይቀበላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የ400 ኸርዝ ወይም ከዚያ ያነሰ የሙከራ ድምፅ እያጫወቱ በስፒከሩ ተርሚናል ላይ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለክቶ፣ በሁለቱም ሁኔታ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ እንዳይበልጥ ማስተካከል። ይህም 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሳንቲም እየጣለ ይለዋውጥ፤ አድማጩ ሳያይ ይገምት። ከ16 ሙከራ 12 እና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ መገመት የሚቻለው ከመቶ አራት ጊዜ እንኳ ባልሞላ ነው።

ከፍታስ? ዊንጌት ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስስ አየር ሙቀትን የሚያነሣው በዝግታ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሁለት ሽቦዎች መካከል ዘሎ እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙም ያነሰ ነው። ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃዎች የሽቦ ርቀትን የሚወስኑት እስከ 2,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነው፤ በ3,000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 እንዲባዛ ያዛሉ። የ6ጄ1 ማሞቂያ በ6.3 ቮልት 0.175 አምፔር ብቻ ስለሚወስድ፣ ሁለቱ ቱቦዎች በአንድነት የሚያሞቁት በ2.2 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ለርካሿ ሳጥን ከፍታው ቁምነገር አይሆንም። በ250 ቮልት የሚሠራ ቫልቭ በገዛ እጁ የሚገጣጥም ተማሪ ግን ርቀቱን ማሰብ አለበት። ካፓሲተሮቹ ካጠፉትም በኋላ ቻርጅ ይዘው እንደሚቆዩ መርሳት ሕይወት ያሳጣል።

ወደ ሸክላው ስንመለስ አብዛኞቹ ርካሽ የቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየሮች ለሸክላ ማጫወቻ በቀጥታ አይሆኑም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በስፋት የተሠራበት የአርአይኤኤ ሥርዓት በ20 ኸርዝ እና በ20,000 ኸርዝ እያንዳንዱ ወደ 20 ዴሲቤል የሚጠጋ ለውጥ ያደርጋል። የፎኖ መግቢያ የሌለው ሳጥን ይህን አይመልስም፤ ከመርፌው የሚመጣውን ጥቂት ሚሊቮልትም ለማጉላት አይበቃም። ውጤቱ ቀጭን፣ ሩቅና የሚጮኽ ድምፅ ነው። ባለቤቱም ጥፋቱን በሸክላው ላይ ይጥላል።

በዚህ ሁሉ ላይ መርፌው አለ። ያለቀ መርፌ ሸክላውን በተጫወተ ቁጥር ይፍቀዋል፤ የተፋቀውን ቫልቭም ሆነ ትራንዚስተር አይመልሰውም። ስለዚህ የገንዘቡ ቅደም ተከተል መርፌ፣ ቀጥሎ የአርአይኤኤ እርማት ያለው የፎኖ መግቢያ፣ ከዚያም በአሮጌው አምፕሊፋየር ውስጥ የደረቁትን ካፓሲተሮች መለወጥ ነው። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለና ባለቤቱ የመስታወቱን ብርሃን ከወደደ፣ 6ጄ1ን ከሲዲ ማጫወቻው ጋር ያገናኛት፤ ሸክላው ግን በአዲሱ መርፌ ይጫወት።